እናቲቱን መተው
(ስለ አካባቢያችን የቡና ደን የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ትምህርታችን በየቀኑ እያየነው ስለማናስተውለው ስለ ደናችን እንነጋገራለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ሕጉ ምን ይላል?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ትንሽ የምትመስል ትእዛዝ አለች። በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን መውሰድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን እንዲለቃት ታዝዟል። በምዕራፍ 20 ደግሞ ከተማ ከብቦ የሚዋጋ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ የሚሰጡ ዛፎችን እንዳይጨፈጭፍ ተከልክሏል። ስለዚህ ከፍጥረት መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ፍሬውን ከነምንጩ ማጥፋት ነው። አዳምም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት ነበር። ሁለቱ ሥራዎች አይነጣጠሉም።

2ኛ. የእኛ እናት ማን ናት?

ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒ፣ ለሸኮ፣ ለማሻና ለቦንጋ ሰው ጎጆዋን የሠራችለት እናት የቡና ደኗ ናት። አረቢካ የሚባለው ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ወደ ሌላው ዓለም የተወሰደው ግን በየመን በኩል ያለፈ ጥቂት ዘር ብቻ ስለ ነበር፣ በውጭ አገር ያለው አብዛኛው ቡና የቅርብ ዘመዳሞች ስብስብ ነው። ዘመዳሞች ደግሞ በአንድ በሽታ አብረው ይወድቃሉ። በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ በ1869 የታየው የቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና እርሻ ስላጠፋው ገበሬዎቹ ወደ ሻይ ዞሩ።

እኛም አገር በ1971 የቡና ፍሬን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የተገኘው ከራሳችን ምድር ነው። የጅማ የምርምር ባለሙያዎች በኢሉባቦርና በአካባቢው ካለው ቡና መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን ለይተው አወጡ። ዛሬ ገበሬው «74110»፣ «74112» እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ቁጥር መነሻው 1974 የተመረጡበት ዓመት ነው። ደኑ ባይኖር ኖሮ ከየት ይመረጡ ነበር? ዛሬ በዓለም ገበያ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የጌሻ ቡናም ዘሩ በ1930ዎቹ የተወሰደው ከእኛው አካባቢ ነው።

ይህች እናት የምታሳድገው ቡናን ብቻ አይደለም። ኮረሪማውም፣ ጥምዙም፣ በረጃጅም ዛፎች ላይ በሚሰቀለው ቀፎ የሚገባው ነጭ ማርም የእርሷ ነው። ጉሬዛው፣ ነብሩ፣ ጎሹ፣ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደን በቀር በሌላ ዓለም የማይገኘው የጦጣ ዓይነትም በእርሷ ይኖራሉ። የባሮ፣ የአኮቦና የኦሞ ገባሮችም ከእርሷ ሥር ይፈልቃሉ።

3ኛ. ምን ደረሰባት?

ሀ) ሙቀት። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። የዱር ቡና ሙቀትና ድርቅ አይችልም። በ2012 የወጣ ጥናት ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ እስከ 2080 ድረስ ለዱር አረቢካ ከሚስማሙት ቦታዎች ቢያንስ 65 ከመቶ፣ ቢከፋም ሁሉም ለማለት በሚቻል መጠን ሊጠፉ እንደሚችሉ ገምቷል። እንደ በበቃ ያሉ ቆላማ ቦታዎች ቀድመው ይጎዳሉ። ቡናው ወደ ደጋ ይውጣ ቢባል ዛፍ እግር የለውም፤ ዘሩን የሚያደርሱለት ወፎችና ጦጣዎች ናቸው፤ እነርሱም መሻገሪያ ደን ይፈልጋሉ።

ለ) ምንጠራ። ለትልልቅ የቡናና የሻይ እርሻ፣ ለመንገድ፣ ለከተማ፣ ለበቆሎ ማሳ ደን ተመንጥሯል። ከ1984ቱ ድርቅ በኋላም ብዙ ወገኖቻችን በሰፈራ መጥተዋል፤ ረኃብ ያመጣው ሰው የሚያርሰው መሬት ያስፈልገው ነበርና ማንንም አንወቅስም።

ሐ) ቀስ በቀስ መሳሳት። ይህኛው ለዓይን አይታይም። የቡናው ምርት እንዲጨምር በገጀራ ሥር ሥሩን ስንመነጥር የቀረሮውና የዋንዛው ቡቃያም አብሮ ይቆረጣል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ስለሚታዩ ደን ያለ ይመስለናል፤ ሲያረጁ ግን የሚተካቸው ልጅ የለም። የተመረጠ ችግኝ ወደ ደኑ መሐል ሲገባም ዘሩ ከዱር ቡናው ጋር ይደባለቃል።

4ኛ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

«ለደብተር መግዣ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነቱን ነው። እሸት ቡና የማይለቅም ቤት በአካባቢያችን ጥቂት ነው። ነገር ግን ፍሬው እንዳይለቀም ያለ የለም፤ የተባለው እናቲቱ ትተው ነው። የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን እንዳንጥል ነው።

በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ምንም ካልተደረገ ዛሬ ቡና ከሚያበቅለው የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶው ሊበላሽ እንደሚችል ሲያስጠነቅቅ፣ ደን ከተጠበቀና ከተተከለ፣ ቡናውም ወደ ተስማሚ ቦታ ከተሸጋገረ ለቡና የሚሆነው መሬት እንዲያውም ሊሰፋ እንደሚችል አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ሕግ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባ ወስኗል፤ የሚጸናበት ቀን ቢራዘምም መልእክቱ ግልጽ ነው። የከፋ ደን በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የመዠንግር በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። መዝገብ ግን ገጀራ አይዝም፤ ገጀራው በእኛ እጅ ነው።

ስለዚህ፦
• ስንመነጥር የጥላ ዛፍ ቡቃያዎችን ለይተን እንተው።
• የወንዝ ዳርና ገደላ ገደሉን ሳንነካ እናቆይ።
• የተመረጠውን ችግኝ በጓሮ እንትከል፤ የዱሩን ለዱሩ እንተው።
• በየቀበሌው ደን በሚጠብቁ ማኅበራት እንሳተፍ።

አንድ ነገር እንጨምር። በሸካ አባቶች ከጥንት ጀምሮ እንዳይቆረጡ የጠበቋቸው ደኖች አሉ። በእምነት ብንለያይም በእነዚያ ዛፎች ላይ ምሣር በማንሣት ሃይማኖታችንን የምናሳይ አይምሰለን። የእኛም አብያተ ክርስቲያናት በሰሜን ምድር ከሩቅ የሚታወቁት በዙሪያቸው ባለው ዛፍ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በቤተሰባችሁ የቡና መሬት ላይ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ተተኪ ቡቃያ አላቸውን? ሄዳችሁ ቁጠሩ።
2. የወፏ ሕግ በሥራችን ላይ እንዴት ይፈጸማል?
3. በሰበካችን ግቢ በመጪው ክረምት የትኛውን አገር በቀል ዛፍ እንትከል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።