ጅብራ ሲያብብ

«ምን እንደ ጅብራ ተገትረህ ታየኛለህ!» እየተባልን ያደግን ብዙዎች ነን። ጅብራን ግን በቦታው ሄደን ያየን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ እኛ ዕጩ መምህራን የሳይንስ ትምህርታችንን ከክፍል ውጭ ለመማር ከሮቤ ተነሥተን በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ ወጣን።

ከጎባ በላይ መንገዱ በኮሶ ዛፍና በአስታ መካከል ያልፋል። ዛፉ እያጠረና እየሳሳ ይሄድና 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሜዳው ፍንትው ይላል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ነው። በዚያ ሁሉ ብርድ ነጫጭ አበባ የለበሱ ግራጫ ቁጥቋጦዎች ሜዳውን ሞልተውታል። በመካከላቸው ከሰው ቁመት በላይ የሆነው ጅብራ ቆሟል።

ከመካከላችን አንዱ ለመርጃ መሣሪያ እንዲሆነን ብሎ ያበበውን ሊቆርጥ ቢላዋ አወጣ። መምህራችን «ቆይ እስቲ፣ ይህ ተክል ስንት ጊዜ የሚያብብ ይመስላችኋል?» ሲሉ ጠየቁ። «እንደ አደይ አበባ በየዓመቱ ነዋ!» አልን። ተሳስተናል። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ያድጋል። ከዚያ አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ደቃቅ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ዘሩ ሳይበተን ከተቆረጠ የዓመታት ድካሙ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ጓደኛችን ቢላዋውን መለሰ፤ ሁላችንም ደብተራችንን አውጥተን ሥዕሉን ነደፍን።

በሆላንድ አገር ኩከንሆፍ የሚባል ሰፊ የቱሊፕ አትክልት ቦታ አለ። በ1950 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ። ሥሩ የሽንኩርት ራስ የሚመስለው ይህ አበባ በየጸደዩ ሕዝብ ይጎርፍለታል። በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል ሥር ይተከላል። እዚያ አንድ አበባ ቢቀጠፍ አትክልተኛው ለከርሞ ሌላ ይተክላል። ሳነቴ ላይ ግን ተካዩ ራሱ ተክሉ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ መዝገብ ብቻውን ቢላዋ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ትምህርት ነው።

እንግዲህ ነገ ተማሪዎቻችንን ይዘን ስንወጣ እንዲህ እናድርግ፦

1. ከመሄዳችን በፊት «ምን እናያለን?» ብለን እንጠይቃቸው።
2. በቦታው ይቁጠሩ፣ ይለኩ፣ ይሣሉ፤ አይቅጠፉ።
3. መርጃ መሣሪያ ካስፈለገ በየጓሯችን ከዘራነው አበባ እንውሰድ።

ደግሞም ጥያቄ ስንጠይቀው ዝም ብሎ የሚቆም ልጅ ያጋጥመናል። «ጅብራ!» ብለን ከመስደባችን በፊት ሳነቴን እናስታውስ። ጅብራ ቆሞ የሚታየው ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ የሚያብብበት ጊዜ ስላልደረሰ ነው።