ለቅዳሜና እሁድ የባቡር ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አውሮፓ ውስጥ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ተሻግረው ቅዳሜና እሁድን ከዘመድ ጋር ሊያሳልፉ ካሰቡ፣ በሰኞ የጊዜ ሰሌዳ ተመርተው ትኬት አይቁረጡ። ድንበር የሚሻገረው ዋናው ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜም እሁድም ይሄዳል። የሚጎድለው ለሠራተኛ ተብሎ በማለዳ የሚነሳው፣ ይልቁንም ከትልቁ ጣቢያ ወደ ትንሿ ከተማ የሚያደርሰው ባቡር ወይም አውቶቡስ ነው። ስለዚህ ምርመራዎን ከጉዞው መጨረሻ ይጀምሩ፤ እሁድ ማታ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት ላይ ነው? እሱ ቢያመልጥስ ቀጣዩ መቼ ነው? መልሱ «ሰኞ ጠዋት» ከሆነ፣ ከዘመድ ቤት በጊዜ ይውጡ። ትኬቱን የሚቆርጡት የአገሩን ቋንቋ ለማይችሉ እናት ወይም አባት ከሆነማ፣ በሁለት ሰዓት የሚቀድመውን ባቡር ይምረጡላቸው።

ሲፈልጉ «እሁድ» ብለው ሳይሆን ትክክለኛውን ቀን አስገብተው ይፈልጉ። ጁላይ 14 በፈረንሳይ፣ ጁላይ 21 በቤልጂየም፣ ኦክቶበር 3 በጀርመን በዓል ነው፤ በጎረቤት አገር ግን ተራ ቀን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የጉዞዎ ግማሽ በበዓል ሰሌዳ፣ ግማሹ በሥራ ቀን ሰሌዳ ይሄዳል። ለፋሲካ ወደ ሌላ ከተማ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱም ይህን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ2026 የምዕራባውያኑ ፋሲካ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። የእነሱ ማግስት ሰኞ በብዙ አገር በዓል ሲሆን፣ የእኛ ስቅለት ለባቡሩ እንደማንኛውም አርብ ነው። በዲሴምበር 25 ደግሞ ለንደን የሚገባው ዩሮስታር ጭራሹን አይሄድም።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቃልም ልብ ይበሉ፤ ጀርመን ውስጥ «በሥራ ቀን» ይሄዳል የተባለ ባቡር ቅዳሜም ይሄዳል፤ ቅዳሜ ከሥራ ቀን ይቆጠራልና።

የሌሊት ባቡር ከሆነ ረጋ ብለው ያንብቡ። በእኛ ልማድ ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ የአርብ ሌሊት ነው፤ የእነሱ ቀን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ትኬቱ «ቅዳሜ 00:20» ካለ፣ የሚነሱት በእኛ አቆጣጠር አርብ ሌሊት 6:20 ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ይዞ ጣቢያ የደረሰ ሰው ባቡሩ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ሰዓት የሚቀየረውም በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ከመንጋቱ በፊት ባለው ሌሊት ነው። በኦክቶበር የሌሊት ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል፤ በማርች ዘግይቶ ቢደርስ አይደንግጡ።

የዓመቱ ሰሌዳ ከዲሴምበር ሁለተኛ ቅዳሜ በኋላ ባለው እሁድ ይለወጣል። ያምና ወረቀት ከዚያ ወዲያ አይሠራም። የሐዲድ ጥገናም ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ሰሌዳውን ደግመው ይመልከቱ፤ ባቡሩ በአውቶቡስ ተተክቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

በመጨረሻ፣ በመንገድ ባቡር የሚቀይሩ ከሆነ እስከ መድረሻዎ የሚያዘልቅ አንድ ትኬት ይግዙ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ከልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለዘገየ ጉዞ የዋጋው 25 በመቶ፣ ለ120 ደቂቃና ከዚያ በላይ 50 በመቶ ይካሳል። ለየብቻ በተቆረጡ ትኬቶች ግን የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ፣ አዲስ ትኬት በራስዎ ገንዘብ መግዛት ሊኖርብዎ ይችላል።