ደወሉ ይቀሰቅሳል እንጂ አያስተምርም

አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ከመምህሮቹ በፊት የሚተዋወቀው ከደወሉ ጋር ነው። ለመነሳት ይደወላል፣ ለቁርስ ይደወላል፤ ለክፍል፣ ለምሳ፣ ለስፖርት፣ ለእራት፣ ለማታ ጥናት፣ በመጨረሻም መብራት ለማጥፋት ይደወላል። ወር ሳይሞላ እግሩ ሳይታዘዝ መንገዱን ይለምዳል። ቤት ሳለ ሦስቴ ካልተጠራ የማይነሳው ልጅ ገና ሳይነጋ አልጋውን አንጥፎ ሲገኝ ወላጅ ደስ ይለዋል፤ «ልጄ ሥርዓት ያዘ!» ይላል።

ደስ ሊለውም ይገባል። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ደወሉ ስለማይደርስበት ቦታ ነው። ደወል ከአልጋ ያወርዳችኋል፣ ወንበር ላይ ያስቀምጣችኋል፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ ጭንቅላታችሁ ውስጥ በሚሆነው ላይ ግን ሥልጣን የለውም። እዚያ አዛዡ እናንተ ናችሁ። የአዳሪ ትምህርት ቤት ትልቁ ዕድልም ይኸው ነው፦ የታክሲ ሰልፍ፣ መላላክና ቴሌቪዥን የማይሸራርፉት ሰዓት ታገኛላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ራሳችሁን ማዘዝ ትለምዳላችሁ። ይህን የለመደ ልጅ ከግቢው ሲወጣም ሌላ ሰው እስኪቀሰቅሰው አይጠብቅም።

«እስቲ በል!»

ከቤት ርቆ፣ መምህር ደጅ አድሮ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ እየተሻገረ በሣር ጎጆ ውስጥ ዕውቀት ሲቀስም ኖሯል። በዘመናዊው ትምህርትም በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ሆነ በ1924 ዓ.ም. ለሴቶች የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪዎች ነበሯቸው። ዛሬ ደግሞ በደብረ ብርሃን እንደተከፈተው ሃይሌ-ማናስ አካዳሚ ያሉ የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይህን ኑሮ ለአዲሱ ትውልድ ይዘውለታል።

ከቀድሞዎቹ የምንወስደው ዋና ነገር ግን አዳሪነታቸው ብቻ አይደለም፤ አጠናናቸው ነው። የቅኔ ተማሪውን ተመልከቱ። ከጓደኞቹ ለየት ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል። ያወጣዋል፣ ያወርደዋል፣ ቃል ይለውጣል፣ ቤቱን ይመታል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ «ስንት ሰዓት ተቀመጥክ?» ብለው አይጠይቁትም። «እስቲ በል!» ነው የሚሉት። ያለው ያልፋል፤ የተሳሳተው ይታረማል፤ ያቃተው ተመልሶ ይሄዳል። መለኪያው የተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን ከአፉ የወጣው ነው።

ይህ የአያቶቻችን ዘዴ ዛሬ በሳይንስም ተመስክሮለታል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ከፋፍለው አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ካነበበ በኋላ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ደጋግመው ያነበቡት ያስታወሱት 40 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ሳያዩ ሲጽፉ የነበሩት 61 በመቶ አስታወሱ።

የአምስት ደቂቃውን ውጤት ልብ በሉልኝ። ደጋግሞ ማንበብ ብዙዎቻችንን የሚሸውደው እዚያ ላይ ነው። መጽሐፉን እንደከደንን ሁሉም ነገር የገባን፣ የያዝነው ይመስለናል። ፈተናው ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ሁለት ተማሪ፣ አንድ ጠረጴዛ

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አንድ የማታ ጥናት አዳራሽ ጎራ በሉ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ልጆች ባዮሎጂ ያጠናሉ። የመጀመሪያዋ ቢጫ ማድመቂያ ይዛለች። ዐረፍተ ነገሩን ታቀልማለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነበዋለች፣ ቀጣዩንም ታቀልማለች። ገጹ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኗል። ገልበጥ! አራት ገጽ ጨረሰች፤ ጎሽ የሚያሰኝ ትጋት ነው።

ሁለተኛዋ አንድ ገጽ አንብባ መጽሐፉን ከደነችው። አንድ ጎኑ የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት አወጣችና ቅጠል ሣለች። ወደ ቅጠሉ የሚገባውን በቀስት አመለከተች፦ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ብርሃን። የሚወጣውንም ጻፈች፦ ኦክስጅን፣ ግሉኮስ። መሃል ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። የብርሃኑ ኃይል ወደ ምን ተለወጠ? የእስክሪብቶዋን ክዳን ነከሰች፣ ጣሪያውን አየች፤ አልመጣም። ቦታውን ባዶ ትታ የጥያቄ ምልክት አደረገችበትና መጽሐፉን ከፈተች። አሁን የምታነበው አራት ገጽ የለም፤ የምትፈልገው ሁለት መስመር ብቻ ነው። አገኘችው፣ በቀይ ሞላችው።

ከሩቅ ለሚያይ የመጀመሪያዋ የበለጠች ትመስላለች። የሁለተኛዋ ጥናት ይጎረብጣል፣ ያቆማል፣ ያሳፍራልም። ጥቅሙ ግን ያለው እዚያ መጎርበጡ ላይ ነው። የማታውቀውን ለይታ ያወቀችው፣ ነገ መምህሯን ምን እንደምትጠይቅ የያዘችው እርሷ ናት።

የፈተናውንም ነገር አንርሳ። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ፈተና ክፍል ማድመቂያም ደብተርም አይገባም። የሚገባው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ከድኖ ራስን መፈተን ዛሬውኑ፣ ማንም ሳያያችሁ፣ ስህተት ምንም በማያስከፍልበት ሰዓት ልመዱት።

ዶርሙም ክፍል ነው

አዳሪ ትምህርት ቤት ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ አያበቃም። ተደራራቢ አልጋ ባለበት ክፍል ከማያውቁት ልጅ ጋር ማደር ራሱ ኮርስ ነው። አንዱ መስኮት ካልተከፈተ አይተኛም፤ ሌላው ብርድ አይችልም። አንዱ ካልሲውን ሳያጥብ ሎከሩ ውስጥ ይወሽቃል። አንዱ ከጅማ፣ ሌላው ከመቀሌ፣ ሌላው ከአዋሳ መጥቷል። «መስኮቱን እስከ አራት ሰዓት እንክፈተው፣ ከዚያ እንዝጋው» ብሎ መስማማት የቻለ ልጅ ነገ መሥሪያ ቤት ሲገባ ስብሰባ አያስፈራውም።

አብረዋችሁ ከሚያድሩት አንዱ ሒሳብ ይበልጣችኋል፤ እናንተ ደግሞ በአማርኛ ድርሰት ትበልጡት ይሆናል። ተለዋወጡ! ለሌላ ማስረዳት መልሶ ራስን ማስተማር ነው፤ ሳታዩ ትናገራላችሁ፣ ሲጠይቃችሁም ክፍተታችሁ ይታያችኋል። በአብነት ትምህርት ቤትም ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን የሚያስጠናው ሁለቱም ስለሚያተርፉ ነው። ታላላቅ ተማሪዎች የሚያስቸግሯችሁ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፤ ለኃላፊው መንገር ወሬ ማቀበል አይደለም።

ናፍቆትም አለ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሑድ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል፤ ቤት ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነውና። ማልቀስ ነውር የለውም። ስልክ ሲሰጣችሁ ግን ከ«ውሰዱኝ» በፊት በሳምንቱ ውስጥ ራሳችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው፦ «እማዬ፣ አንሶላዬን ራሴ አጠብኩ»፤ «አባዬ፣ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ መለስኩ»። እናንተም ስትናገሩት ይገባችኋል፤ እያደጋችሁ ነው!

እንቅልፍ ላይ አትቆጥቡ

መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ በባትሪ የሚያጠና ጀግና በየዶርሙ አይጠፋም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ይላል። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከእንቅልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቀንሶ ጥናት ላይ መጨመር፣ በቀኝ የያዙትን በግራ መጣል ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች፤ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የተቸከለም እንዲሁ ይፈታል።

ደግሞስ ምን አጣደፋችሁ? እስቲ አብረን እናስላ። በማታ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ማታ ብትሉ 10 ሰዓት ነው። በ40 ሳምንት 400 ሰዓት! ይህ ሁሉ ሰዓት ደወል ብቻ ሰምቶ ተቀምጦ ለሚያልፈው ልጅ የወንበር ኪራይ ነው፤ ራሱን ለሚያዝዘው ልጅ ግን የሙሉ ሙያ መጀመሪያ ነው።

ወላጆቻችሁ የከፈሉት ገንዘብ ብዙ መሆኑን ታውቃላችሁ። እያሰባችሁት አትሳቀቁ፤ ተጠቀሙበት። በየግቢው ካባው ላይ የተጠለፈው አርማና የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ የሚያኮራቸው ልጆች አሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለእነርሱ ነው። አዳሪ የመግባት ዕድል ያላገኛችሁም ብትሆኑ፣ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ከእህት ወንድም ጋር ብታጠኑም፣ መጽሐፍ ከድኖ «እስቲ በል!» ለማለት የአገልግሎት ክፍያ የለውም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ጀምሩት። በቀን ከተማራችሁት ውስጥ በጣም የከበዳችሁን አንድ ርዕስ ምረጡ። አንድ ገጽ አንብቡ፣ መጽሐፉን ክደኑት፣ ባዶ ወረቀት አውጡ፣ ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፉ። መሃል ላይ እጃችሁ ሲቆም አትደንግጡ፤ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። ነገ ጠዋት ያን ጥያቄ ይዛችሁ መምህሩ ዘንድ ቀድማችሁ ድረሱ። በርቱ!