ከጥፋቱ በስተጀርባ፦ በአሜሪካ ሠራዊት የስንብት ማሻሻያ ጥያቄና የማስረዳት ሸክም

በአሜሪካ ሠራዊት አንድ ወታደር አገልግሎቱን ሲያበቃ ዲዲ 214 የተባለ ሰነድ ይሰጠዋል። ሰነዱ የአገልግሎቱን ዘመን፣ ማዕረጉን፣ የተሸለማቸውን ሜዳልያዎችና የተሰናበተበትን ምክንያት ይዘረዝራል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የቀሪ ሕይወቱን አቅጣጫ የሚወስነው ግን የአገልግሎቱን ጠባይ የምትገልጸው አጭር ሐረግ ናት። «በክብር» የሚል ቃል የሰፈረለት ሰው ሰነዱን በኩራት ያሳያል፤ ሌላ ቃል የሰፈረበት ደግሞ አሠሪ ፊት ሲቀርብ ሰነዱን ከማሳየት ይልቅ አላገለገልኩም ማለት ይቀለዋል።

ይህ ጽሑፍ በጥፋት ምክንያት የተሰናበተ ወታደር ይህችን ሐረግ ለማስለወጥ የሚሄድበትን ሕጋዊ መንገድ ይመረምራል። መከራከሪያው የሚከተለው ነው። ከ2014 ወዲህ የወጡ መመሪያዎች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የሕጉን ጥያቄ «ጥፋቱ ተፈጽሟል ወይ?» ከሚለው «ጥፋቱ ከምን መጣ?» ወደሚለው አሻግረውታል። መልሱን የማስረዳት ሸክም ግን ማስረጃው ከእጁ በራቀው በአመልካቹ ጫንቃ ላይ እንዳለ ቀርቷል።

ለተራ ወታደሮችና ለበታች ሹማምንት የስንብት ዓይነቶቹ አምስት ናቸው። የክብር ስንብት፣ በክብር ሁኔታ የተሰጠ አጠቃላይ ስንብትና ከክብር ውጪ በሆነ ሁኔታ የተሰጠ ስንብት በአስተዳደር ውሳኔ የሚሰጡ ናቸው። የመጥፎ ጠባይ ስንብትና የውርደት ስንብት ደግሞ የወታደራዊ ፍርድ ቤት ቅጣቶች ሲሆኑ፣ የውርደት ስንብትን ሊፈርድ የሚችለው ከፍተኛው ወታደራዊ ችሎት ብቻ ነው። ለጥናት ይበልጥ የሚስበው ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም ከክብር ውጪ የሆነው የአስተዳደር ስንብት ነው። ይህ ስንብት የሚያስከትለው ጉዳት ለቅጣት የቀረበ ሆኖ ሳለ፣ የወንጀል ክርክር የሚጠይቀውን ማስረጃ ሳይጠይቅ የሚሰጥ ነው። ወታደሩ በአስተዳደር ቦርድ ፊት ቀርቦ በጠበቃ የመከራከር መብት አለው፤ ነገር ግን መብቱን በፊርማው መተው ይችላል። ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከሚቀርብ ይልቅ ራሱ ስንብቱን የሚጠይቅበት አሠራርም አለ። ከእስር ስጋትና ከቶሎ ወደ ቤት የመመለስ ተስፋ መካከል እንዲመርጥ የተጠየቀ የ21 ዓመት ወጣት የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም። በሠራዊቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው «ከስድስት ወር በኋላ ስንብቱ በራሱ ይሻሻላል» የሚለው ወሬም ብዙዎችን ለፊርማ አደፋፍሯል። ወሬው ሐሰት ነው፤ በራሱ የሚሻሻል ስንብት የለም።

የስንብቱ ዓይነት የሚያስከትለው ውጤት በጥቅም ዓይነት ይለያያል። ከ2001 የመስከረም ጥቃት በኋላ ላገለገሉ የተደነገገው የትምህርት ድጋፍ የክብር ስንብትን በግድ ይጠይቃል፤ አጠቃላይ ስንብት እንኳ አይበቃውም። ለሕክምናና ለአካል ጉዳት ካሳ ግን ሕጉ የሚለው «ከውርደት በቀር በሆነ ሁኔታ» የተሰናበተ ነው። ስለዚህ ከክብር ውጪ የተሰናበተ ሰው ጉዳይ በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በተናጠል ይመረመራል። መሥሪያ ቤቱ በ2024 ባሻሻለው ደንብ፣ የአገልግሎቱን ርዝመትና የአእምሮ ሁኔታን የመሳሰሉ አስገዳጅ ምክንያቶች ከቀድሞው ሰፋ ባለ ሁኔታ እንዲታዩ ፈቅዷል። ይሁንና ይህ ውሳኔ የጥቅም በር ይከፍት እንደሆነ እንጂ በዲዲ 214 ላይ የሰፈረችውን ሐረግ አይነካትም። አንባቢ እነዚህን ሁለት መንገዶች እንዳያምታታ አደራ፤ አመልካቾች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋልና።

የማሻሻያው ሥርዓት የተወለደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት ዘመን «ሰማያዊ ስንብት» የሚባል፣ ክብርም ውርደትም ያልሆነ የአስተዳደር ስንብት ነበር። ስያሜውን ያገኘው ከወረቀቱ ቀለም ነው። ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሰኔ 1945 ድረስ የምድር ጦሩ ከሰጣቸው ሰማያዊ ስንብቶች 22 በመቶ ያህሉ ለጥቁር ወታደሮች የተሰጡ ሲሆኑ፣ ጥቁሮች በጦሩ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ግን 6.5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሌሎቹ ብዙ ተጠቂዎች በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተጠረጠሩ ወታደሮች ነበሩ። የ1944ቱ የተመላሽ ወታደሮች መቋቋሚያ ሕግ የስንብት መርማሪ ቦርዶችን አቋቋመ። በ1946 የወጣው የምክር ቤቱ መልሶ ማደራጃ ሕግ ደግሞ የመዛግብት እርማት ቦርዶች እንዲቋቋሙ አደረገ። የዚህ ምክንያቱ ከፍልስፍና ይልቅ ድካም ነበር፤ የምክር ቤት አባላት ለአንድ ለአንድ ወታደር መዝገብ ማስተካከያ የሚሆኑ የግል ረቂቅ ሕጎች አጨናንቀዋቸው ስለነበር፣ ሥራውን ወደ አስተዳደሩ አሻገሩት። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር ለቬትናም ዘመን ወታደሮች ልዩ የስንብት ምርመራ ፕሮግራም ሲከፍቱ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ጥቅምት ባወጣው ሕግ፣ በፕሮግራሙ የተሻሻሉ ስንብቶች ለጥቅም ከመብቃታቸው በፊት በአንድ ወጥ መመዘኛ እንደገና እንዲመረመሩ አዘዘ። ምሕረት በጅምላ ሲሰጥ የሚነሣው ፖለቲካዊ ተቃውሞ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥርዓቱ ጉዳዮችን በነጠላ ብቻ እንዲመለከት እንዳደረገው መገመት ይቻላል።

ዛሬ አመልካቹ የሚገጥሙት ሁለት በሮች ናቸው። የስንብት መርማሪ ቦርድ ስንብቱ ከተሰጠ 15 ዓመት ያላለፈውን ጉዳይ ይቀበላል፤ ጥያቄው በዲዲ 293 ቅጽ ይቀርባል። ቦርዱ የሚመዝነው ስንብቱ ሕግና ደንብን የተከተለ መሆኑን፣ እንዲሁም ከርትዕ አንጻር ተገቢ መሆኑን ነው። በከፍተኛው ወታደራዊ ችሎት የተፈረደ ስንብትን የማየት ሥልጣን የለውም። ስንብቱን ከነበረበት ዝቅ ማድረግም አይችልም፤ «ይባስ ብለው ያወርዱብኝ ይሆን?» የሚል ስጋት ያለበት ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። ሁለተኛው በር በዲዲ 149 የሚቀርበው የመዛግብት እርማት ቦርድ ነው። ይህ ቦርድ ሲቪሎች የሚሰየሙበት ሲሆን «ስሕተት ወይም ኢፍትሐዊነት» ካገኘ መዝገቡን የማረም ሰፊ ሥልጣን አለው። ይርጋው ስሕተቱ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ነው፤ ሆኖም ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ቦርዱ ይርጋውን ሊያልፈው ይችላል። የወታደራዊ ፍርድ ቤት ቅጣትን በሚመለከት ግን ፍርዱን መሻር ሳይሆን በምሕረት ማቅለል ብቻ ነው የተፈቀደለት።

እነዚህ ቦርዶች ለአሥርት ዓመታት የሠሩት የአእምሮ ጉዳትን በቅጡ በማያውቅ ሕግ ነው። ድኅረ ሰቆቃ የአእምሮ ሕመም፣ በተለምዶ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመሞች መመዘኛ መጽሐፍ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። በ1970 ከቬትናም ተመልሶ በመጥፋት ወይም በአደንዛዥ ዕፅ የተባረረ ወታደር በመዝገቡ ውስጥ ያልነበረን ስም ሊጠቅስ አይችልም ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል በመስከረም 2014 ባወጡት ማስታወሻ፣ ቦርዶቹ በዚህ ሕመም ላይ ለተመሠረተ ማመልከቻ ለዘብ ያለ ምዘና እንዲያደርጉ አዘዙ። በነሐሴ 2017 የወጣውና በፈራሚው ስም የኩርታ ማስታወሻ የሚባለው ሰነድ መመሪያውን ወደ አንጎል ጉዳት፣ ወደ ጾታዊ ጥቃትና ወደ ጾታዊ ትንኮሳ አሰፋው። በሐምሌ 2018 የወጣው የዊልኪ ማስታወሻ ደግሞ ሕመም ባይኖርም እንኳ በርትዕና በምሕረት ላይ የቆመ ማሻሻያ እንዴት እንደሚመዘን ይናገራል።

የኩርታ ማስታወሻ ዋና ነገሩ አራት ጥያቄዎቹ ናቸው። አመልካቹ ጥፋቱን ሊያስቀር ወይም ሊያቀልለት የሚችል ሕመም ወይም ገጠመኝ ነበረው ወይ? ያ ሕመም ወይም ገጠመኝ በአገልግሎት ላይ ሳለ የነበረ ነው ወይ? በእርግጥ ጥፋቱን ያስቀረዋል ወይም ያቀልለዋል ወይ? ከስንብቱ ምክንያት ይበልጥ ይመዝናል ወይ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ማስታወሻው ለጋስ ነው። የአመልካቹ የራሱ ቃል ብቻ እንኳ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ጥፋቱ ራሱም የሕመሙ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ እንደሚችል ይገልጻል። የክብር ስንብት እንከን የለሽ አገልግሎትን እንደማይጠይቅም በግልጽ ያሰፍራል። በሌላ በኩል ለዘብ ያለ ምዘና ማለት በግድ ማሻሻል ማለት እንዳልሆነ፣ አስቀድሞ ታስቦበት የተፈጸመ ጥፋትም በአብዛኛው በሕመም እንደማይቀልል ያስጠነቅቃል።

ማመልከቻዎች የሚሰናከሉት እንደ እኔ ግምት በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ይህን ለማየት የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። በኢራቅ ሁለት ዙር የዘመተ አንድ አሥር አለቃ ከተመለሰ በኋላ እንቅልፍ ያጣል፤ ማሪዋና መጠቀም ይጀምራል፤ በምርመራ ይገኝበታል፤ ለሦስት ሳምንት ከክፍሉ ይጠፋል፤ ቆይቶም የባልደረባውን ላፕቶፕ ሰርቆ ሲሸጥ ይያዛል። ለፍርድ ከመቅረብ ይልቅ ስንብት ይጠይቃል፤ ከክብር ውጪ ይሰናበታል። ከስድስት ዓመት በኋላ አንዲት ሐኪም ሕመሙን ፒቲኤስዲ ብላ ትለየዋለች። ቦርዱ ዕፁን ራስን ለማከም የተደረገ ሙከራ፣ መጥፋቱን ደግሞ ከሕመሙ የመነጨ ሽሽት አድርጎ ሊቀበል ይችላል። ስርቆቱ ላይ ሲደርስ ግን «ይህ ሕመም አንድን ሰው የሰው ንብረት እንዲሸጥ አያደርገውም» ብሎ ይዘጋል። ሦስቱ ጥፋቶች ተለያይተው ሲመዘኑ አንዱ ሁለቱን ይውጣቸዋል። ዕፁን ለመግዛት ገንዘብ የተፈለገ ከሆነ ግን ሦስተኛው የሁለቱ ልጅ እንጂ የብቻው ክስተት አይደለም። ይህን ትስስር በማመልከቻው ላይ ቃል በቃል የሚያሳይ ሰው ከሌለ ቦርዱ በራሱ አይፈልገውም። የሐኪሟ ደብዳቤም ሕመሙ መኖሩን ብቻ ተናግሮ፣ ሕመሙ ከእያንዳንዱ ጥፋት ጋር የተያያዘበትን መንገድ ሳይገልጽ ከቀረ የሚያስረዳው ሁለቱን የቀለሉ ጥያቄዎች ነው።

ሸክሙን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። አስተዳደሩ ሥራውን በአግባቡ አከናውኗል የሚል የሕግ ግምት ከመነሻው ይያዛል፤ አመልካቹም ይህን ግምት በማስረጃ ማፍረስ ይኖርበታል። ማስረጃው ያለው ግን በመንግሥት እጅ ነው። በዕድሜ ለገፉት የምድርና የአየር ኃይል ወታደሮች ደግሞ በሐምሌ 1973 በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል የደረሰው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ ማኅደሮችን አጥፍቷል። የጠፋ መዝገብ በመርሕ ደረጃ የማንንም ወገን አይጠቅምም ይባላል፤ ግምቱ ለመንግሥት በሚያደላበት ሥርዓት ግን ዝምታው የሚጎዳው አመልካቹን ነው።

የችግሩን ስፋት የሚያሳይ አንድ አኃዝ አለ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በግንቦት 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2011 እስከ 2015 ባሉት የበጀት ዓመታት በጥፋት ከተሰናበቱት 91,764 ወታደሮች መካከል 57,141ዱ ወይም 62 በመቶው ከስንብታቸው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ፒቲኤስዲ፣ የአንጎል ጉዳት ወይም ከጥፋት ጋር ሊያያዝ የሚችል ሌላ ሕመም ተገኝቶባቸው ነበር። ከእነዚህም ውስጥ 13,283ቱ ከክብር ውጪ ተሰናብተዋል። አኃዙ ሕመሙ ጥፋቱን እንዳስከተለ አያረጋግጥም፤ ከተዘረዘሩት ሕመሞች መካከልም ከውጊያ ጋር የማይገናኙ ይገኙበታል። የሚያረጋግጠው ነገር ቢኖር ምርመራው ስንብቱ በተወሰነበት ጊዜ በሠራዊቱ የራሱ መዝገብ ውስጥ እንደነበረ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ «ለምን ያኔ አልተናገርክም?» የሚለው የቦርዶች ጥያቄ ለብዙዎቹ የተሳሳተ ሰው ላይ የሚወረወር ነው።

መመሪያዎቹ በወረቀት ላይ እንዳሉ በተግባር እንዲውሉ ያስገደዱት በከፊል ፍርድ ቤቶች ናቸው። የቦርዶች ውሳኔ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ ዳኛው ግን በቦርዱ ቦታ ተተክቶ አይመዝንም፤ ውሳኔው ዘፈቃዳዊ መሆን አለመሆኑን ብቻ ይመለከታል። በምድር ጦርና በባሕር ኃይል ላይ የቀረቡ ሁለት የቡድን ክሶች፣ የመጀመሪያው በ2021፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2022 በስምምነት ተቋጭተው፣ መርማሪ ቦርዶቹ ቀደም ሲል ውድቅ ያደረጓቸውን በርካታ ማመልከቻዎች እንደገና እንዲያዩ ሆኗል። ከታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ወዲህ ለተሰናበቱትም በመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ የመጨረሻ ይግባኝ የሚሰማ ቦርድ ተቋቁሟል።

ለውጭ ተወላጅ ወታደሮች ጉዳዩ ከጥቅማ ጥቅም ያልፋል። ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ሠራዊቱ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ጭምር በቋንቋ ችሎታቸው የመለመለበት ፕሮግራም ነበር፤ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። በጦርነት ዘመን በሚሠራው የዜግነት ድንጋጌ መሠረት በክብር ማገልገል ወደ ዜግነት ያደርሳል፤ ለዚህ ዓላማ አጠቃላይ ስንብትም በክብር እንደተሰጠ ይቆጠራል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ዜግነት ያገኘ ሰው በድምሩ አምስት ዓመት በክብር ከማገልገሉ በፊት ከክብር ውጪ በሆነ ሁኔታ ከተሰናበተ፣ ዜግነቱ ሊሻር እንደሚችል በ2003 የወጣው ማሻሻያ ይደነግጋል። ለአሜሪካ ተወላጁ ባልደረባው የትምህርት ክፍያና የሥራ ዕድል ጥያቄ የሆነችው ያቺ ሐረግ፣ ለእርሱ የት አገር እንደሚኖር የምትወስን ትሆናለች። በአስተዳደር ቦርድ ፊት የመከራከር መብቱን በፊርማው ሲተው ይህን ውጤት በሚገባው ቋንቋ የነገረው ሰው ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ከላይ ከተጠቀሱት አራት ጥያቄዎች መካከል የለም። የሚነሣበት ቦታ ካለም በመርማሪ ቦርዱ የሕጋዊነት መመዘኛ ሥር ነው፤ ማመልከቻውን የሚያዘጋጅ ሰው በሕመሙ ላይ ብቻ ካተኮረ ይህ በር ሳይንኳኳ ይቀራል።