ስለ አሮጌ ጠመንጃና ስለሚስማማው ጥይት

በግሸን ዙሪያ እህሉን ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ገበሬ ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ ቢኖረው፣ ጥይቱ ስለገባ ብቻ ይስማማዋል አይበል።

ውጅግራ የምንለው በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ የጥይቱ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር፣ ባሩዱም ጥቁሩ ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ በ1886 እ.ኤ.አ. ከለበን ጋር መጣ፤ ግፊቱም እጅግ ይበልጣል። ይህን ባሩድ በውጅግራ ቀለህ መሙላት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የሚጎዳውም የተኳሹ ፊትና እጅ ነው።

የእርሳስ ፍሬ የሚበትነው የአደን ጠመንጃ ደግሞ ሌላ ማታለያ አለው። 70 ሚሊ ሜትር የሚል የተጻፈበት ጥይት ሳይተኮስ አጭር ስለሆነ፣ ለ65 በተሠራው ጠመንጃ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ልኩ የሚነገረው ግን ተተኩሶ አፉ ሲዘረጋ ነው፤ መዘርጊያ ቦታ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል።

የአፈሙዙ ጫፍ ጠበብ የሚደረገው ፍሬው ቶሎ እንዳይበተን ነው። እርሳስ ለስላሳ ነውና ተጨምቆ ያልፋል፤ የብረት ፍሬ ግን አይጨመቅም፤ በአሮጌ ጠባብ አፈሙዝ ፈጽሞ አይተኮስ።

የልማት ሠራተኛም ገበሬውን ሲጎበኝ ስለ ጥይቱ ይጠይቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የታዘዘውን ፈቃድም ያሳስበው። ልኩ ያልታወቀ ጠመንጃ ሳይጎርስ ይቀመጥ፤ ለዝንጀሮው ወንጭፍና ጅራፍ አለ። ጭላዳ ግን ከአገራችን በቀር የትም የለምና አይነካ።