የቀጭኔ አንገትና መኪና ላይ የወደቀ በሬ

በሰሜን ጅቡቲ፣ በታጁራ ክልል፣ አቡርማ በሚባለው ቦታ የጥንት ሰዎች ድንጋይ ላይ ከቀረጿቸው እንስሳት መካከል ቀጭኔ ይገኝበታል። ዛሬ በዚያ አካባቢ ቀጭኔ የለም፤ በኢትዮጵያ ለማየትም ወደ ኦሞ ወይም ወደ ጋምቤላ መውረድ ያስፈልጋል። ከሄሮን ተቀምጬ ስለ ቀጭኔ የምጽፍላችሁ ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ቀጭኔ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ፣ ሆዱም እንደ በሬና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው እንስሳ ነው። የምትነግዱት ከብት ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ያ ሁሉ አንገት የተሠራው ከሰባት አጥንት ብቻ ነው፤ የፍየልም የሰውም አንገት ሰባት ነው። ልቡ ደምን ሁለት ሜትር ያህል ሽቅብ መግፋት ስላለበት የደም ግፊቱ የላም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውኃ ሊጠጣ የፊት እግሮቹን ከፍቶ ሲያጎነብስ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ እንዳይወርድበት የአንገቱ ደም መላሾች እንደ በር የሚዘጉ ክዳኖች አሏቸው። ከአንጎሉ ሥርም የቀጫጭን ደም ሥሮች መረብ አለ፤ ይህ መረብ በበግና በፍየልም አለ፣ በሙቀት ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ያቀዘቅዛል። የእግሩ ቆዳ ደግሞ ሐኪም ለደም ሥር ሕመምተኛ እንደሚያዘው ጥብቅ ካልሲ ነው፤ ደም ወርዶ እግሩ እንዳያብጥ ይይዘዋል።

ታዲያ ይህ ግዙፍ እንስሳ ሲወድቅ ደካማ ነው። የዱር እንስሳት ሐኪሞች ቀጭኔን በመድኃኒት ሲያስተኙ እንደወደቀ ማንቂያውን ይወጉታል፣ ጭንቅላቱንም ከፍ አድርገው ይይዛሉ። በጎኑ የተኛ አመስኳች እንስሳ የሆዱን ጋዝ ማግሳት አይችልም፤ ሆዱ ይነፋል፣ ያመሰኳው ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጋላፊ ወይም በደወሌ በኩል ስትመጡ መኪና ላይ በጎኑ የወደቀ በሬም የሚሞተው አንዳንዴ በዚሁ ነው። ጅራቱን ከመጠምዘዝ በፊት መኪናውን አቁሙ፣ በደረቱ አስቀምጡት፣ በገለባ እስር ደግፉት። ዱላው ጊዜ ያባክናል እንጂ አያነሣውም።

ዝምድናው በበሽታም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1887 አካባቢ ለጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ መጣ። ኢትዮጵያን ክፉ ቀን ውስጥ ከቶ ወደ ደቡብ ወረደ፣ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ በሬ ብቻ ሳይሆን ጎሽና ቀጭኔም ጨረሰ። አንድ የከብት ጭነት ነበር መነሻው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

የእርሱ ዘመድ የሆነው የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ግን ዛሬም አለ። ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ ካያችሁ ያንን ፍየል ከሌላው ጋር አትጫኑ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ደብቆ መጫን የአንዱን ፍየል ዋጋ ለማዳን ሲሉ የጭነቱን ሁሉ ዋጋ ማስያዝ ነው፤ በዳመርጆግ ኳራንቲን ውስጥ እያንዳንዱ ቀን መኖ ይበላል። ክትባቱ በአንድ መርፌ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይከላከላል፤ ስትገዙ ሻጩን ማስረጃውን ጠይቁት።