መድኃኒቱ የት ይሂድ? ከካላዛር ሕክምና የምንማረው

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን መድኃኒትን በቀጥታ ወደታመመው የአካል ክፍል ስለማድረስ እንነጋገራለን። ከጤና ትምህርት ክፍሎች ውጭ ላላችሁትም እንዲገባ አድርገን ለመጻፍ ሞክረናል።

ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው ክኒን ሕመሙ የት እንዳለ አያውቅም። ሆድ ውስጥ ይሟሟል፣ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ በጉበት ያልፋል፣ ከዚያም ደም በሚደርስበት ሁሉ ይበተናል። ለራስ ምታት ክኒን ይህ ብዙም አያሳስብም። መድኃኒቱ ራሱ መርዛማ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በሽታውን ለማጥፋት የሚበቃው መጠን ጤነኛውን አካል ለመጉዳትም ይበቃልና። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊሕ ከመቶ ዓመት በፊት በሽታ አምጪውን ብቻ ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ተመኝቶ «አስማተኛ ጥይት» ብሎት ነበር። አስማት የሚለው ቃል ለእኛ ጆሮ ባይጥምም ሐሳቡ ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በረመዷን ወቅት አንዳንድ ሕሙማን በሐኪም ምክር ቀስ እያለ ወደሚለቀቅ ክኒን ይዛወራሉ፤ በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት አንዴ ወስደው ይበቃቸዋል። ይህ የመድኃኒቱን ጊዜ መቀየር ነው። እኛ የምናወራው ቦታውን ስለመቀየር ነው።

ምሳሌያችንን ከቅርብ እናምጣ። በመተማና በሑመራ ቆላ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ካላዛርን በደንብ ያውቁታል። በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ የምትኖር የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ትነክሳለች፣ ሌይሽማንያ የተባለውን ፓራሳይትም ታስገባለች። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። ፓራሳይቱ የሚደበቅበት ቦታ የሚገርም ነው፦ ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሊያጠፉ በተፈጠሩት ማክሮፌጅ በሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ነው። በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኒ ውስጥ ባሉት ሕዋሳት ተቀምጦ ይራባል።

አምፎቴሪሲን ቢ ይህንን ፓራሳይት ይገድላል። በ1950ዎቹ ከቬንዙዌላ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ መድኃኒት ነው። የፓራሳይቱ ሽፋን ውስጥ ያለውን ኤርጎስቴሮል የተባለ ስብ ይይዝና ሽፋኑን ይበሳዋል። ችግሩ የእኛ ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል የዚያ ስብ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው። መደበኛው አምፎቴሪሲን በደም ሥር ለሰዓታት ሲንጠባጠብ በሽተኛው በብርድና በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፣ ፖታሲየሙ ይወርዳል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል። ሕክምናው 15 ገደማ መርፌ ይፈልጋል፤ ቀን እየተዘለለ ከተሰጠ አንድ ወር ይፈጃል። ሐኪሞች «አምፎ-ቴሪብል» እያሉ በምሬት የሚቀልዱበት ያለ ምክንያት አይደለም።

መፍትሔው የመጣው መድኃኒቱን በመለወጥ ሳይሆን ልብስ በማልበስ ነው። እንግሊዛዊው አሌክ ባንገም በ1960ዎቹ ስብ ውኃ ውስጥ ሲገባ ራሱን ጠቅልሎ ትንንሽ ኳሶች እንደሚሠራ አሳየ፤ ሊፖሶም ተባሉ። አምቢዞም የሚባለው መድኃኒት በእንዲህ ዓይነት ኳስ ግድግዳ ውስጥ የታሰረ አምፎቴሪሲን ነው። የአንዱ ኳስ ስፋት ከ100 ናኖ ሜትር በታች ነው፤ ከጸጉራችን ውፍረት አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ኳሱ በደም ውስጥ ሲዞር ኩላሊት ላይ ብዙም አይራገፍም። ማክሮፌጆቹ ግን ባዕድ ነገር ነው ብለው ይውጡታል። ፓራሳይቱ የተደበቀው እዚያው ውስጥ አይደል? ጠላት የገባበት ቤት ባለቤት ራሱ መድኃኒቱን ተሸክሞ ያስገባል ማለት ነው። በዚህ ሙያ ካነበብናቸው ዘዴዎች ሁሉ እንደዚህ ያስደሰተን የለም።

በመሆኑም ከፍ ያለ መጠን በአጭር ቀን መስጠት ተቻለ። በሕንድ በ1 ቀን፣ በአንድ መርፌ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ተሰጥቶ አብዛኛው ሕሙም ዳነ። ይሁንና በሱዳንና በኢትዮጵያ ያው አንድ መርፌ ሲሞከር ውጤቱ ደካማ ስለነበረ ሙከራው ተቋረጠ። ስለዚህ በእኛ አገር ለጽኑ ሕሙማን በ6 መርፌ በድምሩ ለአንድ ኪሎ 30 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ኤችአይቪም ላለባቸው ሚልቴፎሲን የተባለ እንክብል ይጨመርበታል። አንድ አገር ላይ የሠራ ሕክምና ሌላው ላይ እንዳለ ይሠራል ብለን መገመት እንደሌለብን ያየነው እዚህ ነው።

በካንሰር በኩልም ሥራው ቀጥሏል። በሊፖሶም የታሰረው ዶክሶሩቢሲን በ1995 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል፤ ልብን መጉዳቱ ቀንሷል፣ የእጅና የእግር መዳፍ መላጥን ግን አምጥቷል። በፀረ እንግዳ አካል ላይ መርዝ አስሮ የካንሰሩን ሕዋስ በምልክቱ እንዲለይ ማድረግም ተችሏል፤ ለጡት ካንሰር በ2013 የተፈቀደው ቲ-ዲኤም1 አንዱ ነው። ግን አንጋነን። በ2016 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ከተሰጡት ናኖ ቅንጣቶች ውስጥ ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ቀሪው በአብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ላይ ይቀራል። ለካላዛር በረከት የሆነው ነገር ለካንሰር እንቅፋት ነው።

ከእናንተ መካከል ዘመዱ ለአጨዳ ወደ ቆላ የወረደ ካለ ይህን ንገሩት፦ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ካለው፣ የወባ ምርመራውም ነፃ ከሆነ፣ የካላዛር ምርመራ ይጠይቅ። አምቢዞም ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ በሑመራ የሙቀቱ ወራት 40 ዲግሪ ያልፋል። በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ መድኃኒት ሳይበላሽ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚደርስበትን መንገድ እንመለከታለን።